ጫካ የወረሳቸው የክመር ቤተ መቅደሶች፦ የቱን ላስቀድም?

ካምቦዲያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ፎቶ አይቷል። ትልቅ ዛፍ የድንጋይ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል። ሥሩ እንደቀለጠ ሰም ወርዶ በሩን አቅፎታል። ከሥሩ የቆመው ሰው ጉንዳን ያህላል። "እዚህ ቦታማ ሳልደርስ አልቀርም" ትላላችሁ።

ሲየም ሪፕ ከተማ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ዛፍ የወረሰው ቤተ መቅደስ አንድ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ አንዱን ይነግራችኋል፣ የቱክቱክ ሹፌሩ ሌላውን ይጠራል፣ ቀድሞ የሄደ ጓደኛ ደግሞ "እሱን ተዉት፣ ሰው በሰው ነው" ይላል። ፀሐዩ አይቻልም። ቲኬቱም ውድ ነው። መምረጥ የግድ ይሆናል።

እኔ የሄድኩት ከታላቅ እኅቴ ጋር ነው። እሷን ጉልበቷን ያማታል። እኔ ደግሞ ሰው የማይበዛበት ቦታ እወዳለሁ። ስለዚህ በየማታው "ነገ የት?" እያልን ስንሟገት ነበር የምናመሸው። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ያ ሙግት ነው።

ለቸኮለ ሰው መልሴን ላስቀድም። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ፕሬያ ካንንና ታ ፕሮምን እዩ። ሁለተኛ ቀን ካገኛችሁ ቤንግ መሊያ ሂዱ። ኮ ኬርና ሳምቦር ፕሬይ ኩክ ጊዜ ለተረፈውና ታሪክ ለሚወድ ሰው ናቸው። ከዚህ በታች ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ስለ ዛፎቹ

ክመሮች፣ ማለትም የካምቦዲያ ሕዝብ፣ የአሸዋ ድንጋዩን የደረደሩት ያለ ማያያዣ ጭቃ ነው። ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር እየፈጩ፣ አፍ ለአፍ አገናኝተው ነው የካቡት። ጣሪያውንም እውነተኛ ቅስት አላደረጉትም። ከሁለት ወገን አንዱን ድንጋይ ከታችኛው ትንሽ ገፋ እያደረጉ ወደ መሐል አምጥተው አጋጠሙት። ሰው እያጸዳ፣ ሣር እየነቀለ እስከኖረበት ድረስ ይህ አሠራር ዘመናትን ይችላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግን የክመሮች መንግሥት መናገሻ ሲየም ሪፕ አጠገብ ካለው አንግኮር ወደ ደቡብ ዞረ። ብዙዎቹ ቤተ መቅደሶች ጠባቂ አጡ።

ከዚያ ወፍ መጣች። ፍሬ በልታ ስንጥቅ ውስጥ ዘር ጣለች። ዘሩ ጣሪያው ላይ በቀለ። ቀጭን ሥሩን በግድግዳው ላይ ወደ ታች ላከ። ሥሩ መሬት የነካ ቀን ዛፉ ጉልበት ያገኛል፤ ይወፍራል፣ ድንጋዩን ይፈለቅቃል። እዚያ ከምታዩት ዛፍ ብዙው የኛ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። እኅቴ ገና ስታየው "ዋርካ ነው እኮ!" አለች፤ አልተሳሳተችም። ሌላው ዓይነት ግንዱ ነጣ ያለ፣ ሽቅብ የሚመዘዝ፣ ክመሮቹ ስፑንግ የሚሉት ነው። በፎቶ ላይ ግንዱ ማማ የሚያህለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የሚገርመው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ያፈረሰው ዛፍ ኋላ ላይ ደጋፊ ይሆናል። የተፈለቀቁትን ድንጋዮች ሥሩ አቅፎ ይዟቸዋል። ዛፉን ብትቆርጡት ግድግዳው አብሮ ይወርዳል። ብትተዉት ደግሞ አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ሲጥለው ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። የጥገና ባለሙያዎቹ ጭንቀት ይሄ ነው። በየቦታው የሰጡትም መልስ የተለያየ ነው። ለእኔ በእነዚህ ቤተ መቅደሶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዛፉ ሁሉም ጋ አለ። ጥያቄው ሰው ከዛፉ በኋላ ምን ያህል እጁን አስገባ የሚለው ነው።

ታ ፕሮም፦ ፎቶው ያለበት

ያያችሁት ፎቶ ምናልባት የዚህ ቦታ ነው። ታ ፕሮምን በ1186 ያስመረቀው ንጉሥ ጃያቫርማን ሰባተኛ ነው። በእናቱ ስም ነው ያሠራው፤ የጥበብ አምላክ የሆነችው ፕራጅናፓራሚታ በእናቱ መልክ ተቀርጻ እዚህ ቆማ ነበር። ይህ ንጉሥ ዙፋን ላይ የወጣው በ1181 ነው። የኛ ቅዱስ ላሊበላ የነገሠውም በዚያው ዘመን መሆኑን ሳስብ ቆሜ ቀረሁ። አንዱ ሮሐ ላይ አለትን ወደ ታች እየፈለፈለ፣ ሌላው በዚህ ሞቃት ሜዳ ላይ ድንጋይ ወደ ላይ እየካበ። አንዱ ሌላውን ሳያውቅ።

ዛሬ ፀጥ ያለ ፍርስራሽ ነው። ያኔ ግን ከተማ ነበር። እዚሁ የተገኘው የድንጋይ ጽሑፍ ቤተ መቅደሱን የሚያገለግሉ 79,365 ሰዎች እንደነበሩ ይናገራል። 615ቱ ዳንሰኞች ናቸው። የሚቀልቡት 3,140 መንደሮች ነበሩ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ስትገቡ ባዶው አደባባይ ሌላ ነገር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። የታ ፕሮም ዱርነት በውሳኔ የተጠበቀ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሌሎቹን ሲያጸዱ ይህን አንዱን እንደተገኘ እንተወው አሉ። ጫካው እንዳያፈርሰው ያህል ብቻ ነው የነኩት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሕንድ የአርኪዮሎጂ ተቋም አንግኮርን ከሚያስተዳድረው አፕሳራ ከሚባለው የካምቦዲያ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የወደቁ ክፍሎችን መልሶ አቁሟል። ስለዚህ የእንጨት መሄጃ፣ የብረት ድጋፍ፣ ገመድ ታያላችሁ። ታዋቂዎቹ ሥሮች ፊት ለፎቶ የተሠራ መቆሚያ አለ። ወረፋም አለ።

ይህ ቅር የሚያሰኘው ሰው ይኖራል። እኔን መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። እኅቴ ግን የእንጨቱን መሄጃ እያመሰገነች ነው የዞረችው። ጉልበቱን ለሚያመው፣ ሕፃን ለያዘ፣ አረጋዊ ወላጅ ይዞ ለመጣ ሰው ከሁሉም የሚሻለው ታ ፕሮም ነው። ዋና ዋናዎቹን ዛፎች ያለ ብዙ መውጣትና መውረድ ታያላችሁ።

ሰዓቱን ምረጡ። በሩ ጠዋት 1፡30 ይከፈታል፣ ማታ 11፡30 ይዘጋል። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ሽሹት፤ በትልቁና በታዋቂው ቤተ መቅደስ በአንግኮር ዋት ላይ የፀሐይ መውጫ ያየው ሕዝብ ቁርሱን በልቶ ወደዚህ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ሲከፈት ግቡ፤ ካልሆነ ከ9፡30 በኋላ። ውስጥ አንዲት ጠባብ ግንብ አለች። ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ ደረታችሁን በቡጢ ስትመቱ ድምፁ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ብታጨበጭቡ ግን ምንም የለም። ጠባቂዎቹን ጠይቋቸው፣ ያሳዩአችኋል።

ፕሬያ ካን፦ የእኔ ምርጫ ለአንድ ቀን

ያው ንጉሥ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1191፣ ለአባቱ መታሰቢያ ያስመረቀው ነው። በአንግኮር ክልል ውስጥ ስለሆነ ከታ ፕሮም ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቲኬት ይታያል። ብዙ ሰው ግን ያልፈዋል። ለምን እንደሚያልፈው አይገባኝም።

ቦታው ሰፊ ነው። የውጪው አጥር 800 ሜትር በ700 ሜትር ይሆናል። በአጥሩ ላይ በየርቀቱ ጋሩዳ የሚባሉ ክንፋሞች ቆመዋል። ቁመታቸው 5 ሜትር ነው፤ በእጃቸው እባብ ጨብጠዋል። ከበሩ እስከ መሐሉ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ከበር በኋላ በር፣ ከዚያ በኋላ በር። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር በሮቹ ዝቅ እያሉ ይመጣሉ፤ ረጅም ሰው ሳይወድ በግዱ አንገቱን ይደፋል። ቤተ መቅደሱ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። መሐሉ ለቡድሃ፣ ሰሜኑ ለሂንዱዎቹ አምላክ ለሺቫ፣ ምዕራቡ ለሌላው የሂንዱ አምላክ ለቪሽኑ፣ ደቡቡ ለቀደሙ ነገሥታት ነበር።

ዛፎቹስ? አሉ። በምሥራቅ በኩል ጣሪያ ላይ የተቀመጡት ግዙፎች ከታ ፕሮሞቹ አያንሱም። ልዩነቱ ፊታቸው ላይ ወረፋ አለመኖሩ ነው። እዚያው አካባቢ ክብ ክብ ምሰሶ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ አለ። ክመሮች በድንጋይ ሲሠሩ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አልሠሩም። የግሪክ ሕንፃ ተነቅሎ ጫካ ውስጥ የተተከለ ነው የሚመስለው።

እዚህ ጥገናውን ከ1991 ጀምሮ የመራው ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባል ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ያደረጉት ነገር ልቤን ነክቶታል። የወደቀውን ሁሉ አንሥተው አዲስ አላስመሰሉትም። ሊወድቅ ያለውን ደገፉ፣ መተላለፊያውን ከፈቱ፣ የቀረውን ፍርስራሽ ፍርስራሽ ሆኖ እንዲቆይ ተዉት። ስለዚህ ሕንፃው ምን እንደነበር ይገባችኋል፤ ዘመን ምን እንዳደረገውም ታያላችሁ። ታ ፕሮም ላይ ዛፉን ነው የምታዩት። እዚህ ቤቱንና ዛፉን አብራችሁ ታያላችሁ። እኔ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ጉድለቱ ጉበኖቹ ናቸው። በየበሩ ከፍ ያለ የድንጋይ ጉበን አለ፣ እግር ማንሣት ይፈልጋል። እኅቴ በየበሩ እያረፈች ነው የጨረሰችው፤ ሆኖም ውስጡ ጥላ ስለሆነ አላማረረችም። ሹፌሩ በአንዱ በር አውርዷችሁ በሌላው እንዲጠብቃችሁ ተነጋገሩ። ያን መንገድ መመለስ ድካም ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሄዳችሁ ታ ሶምን እዩ። ትንሽ ነው፣ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል። ዋናው ነገር የመጨረሻው የምሥራቅ በር ነው። እስከ ጫፍ ሂዱ፣ ውጡ፣ ከዚያ ዞር በሉ። በሩን ሥሩ ሙሉ በሙሉ ለብሶታል።

ቤንግ መሊያ፦ ማንም ያላነሣው

አንድ ቀን ሙሉ ወይም ግማሽ ቀን መስጠት ለምትችሉ ነው። ከሲየም ሪፕ ወደ ምሥራቅ በመንገድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በቱክቱክም የሚሄድ አለ፣ እኔ ግን አልመክርም። አቧራውና ሙቀቱ ገና ሳትደርሱ ያደክሟችኋል። እኛ ለመሄጃው ቱክቱክ ተከራይተን ነበር፤ መሐል መንገድ ላይ ተበላሽቶ አንድ ሰዓት በፀሐይ ቆመናል። መኪና ለሁለት ለሦስት ተካፍሎ መያዝ ይሻላል።

ማን እንደሠራው የሚናገር ጽሑፍ አልተገኘበትም። ከአሠራሩ ተነሥተው ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ አንግኮር ዋትን የሠራው የዳግማዊ ሱሪያቫርማን ዘመን ነው ይላሉ። እውነትም ዕቅዱ ከአንግኮር ዋት ጋር ይመሳሰላል። ዙሪያውን የሚከበው የውኃ ቦይ 45 ሜትር ስፋት አለው። ድንጋዩ የመጣበት የኩሌን ተራራ እዚያው ቅርብ ነው። እንግዲህ አንግኮር ዋትን አስቡት፤ ማማዎቹ ወድቀው፣ ጣሪያው ተደርምሶ፣ በመስኮቶቹ ሥር ወጥቶ። ቤንግ መሊያ ያ ነው። አንግኮር ዋትን አንድ ቀን ቀድማችሁ ካያችሁ ውስጡ የምታዩት እያንዳንዱ ክምር ምን እንደነበር በዓይነ ኅሊናችሁ ትገነባላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

እዚህ ሰው እጁን ያስገባው በጣም በጥቂቱ ነው። ግቢው ውስጥ የተቀረጹ ድንጋዮች እንደወደቁ ተከምረዋል፣ የድንጋይ ሽበት ለብሰዋል። መግቢያው ላይ ብዙ ራስ ያለው እባብ፣ ናጋ፣ ሳይነካ ቆሟል። የእንጨት መሄጃ ተሠርቷል፤ በግድግዳ ላይ አልፎ፣ በክምሩ ላይ ዞሮ፣ በመስኮት ደረጃ ያሳልፋችኋል። ቅርንጫፉ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ጠዋት በጊዜ ስንደርስ ከኛ በቀር ሦስት ሰው ብቻ ነበር። እኅቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ማንም ዝም በሉ ሳይለን።

አንዳንድ ልጆችና አስጎብኚ ነን ባዮች "ኑ፣ በዚህ በኩል እንውጣ" ብለው ወደ ክምሩ ሊወስዷችሁ ይችላሉ። አትውጡ። ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ቅርጹም ይፈርሳል። አካባቢው በካምቦዲያ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ፈንጂ ተቀብሮበት ነበር። የቤተ መቅደሱ ዙሪያ ተጠርጓል፤ ከተሠራው መንገድ አለመውጣት ግን በካምቦዲያ ገጠር ሁሉ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ ነው።

ሰው የማይበዛበትን ለሚወድ፣ እግሩ ደህና ለሆነ፣ ፀጥታ ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ይሄ ነው። መሄጃው ደረጃ ስላለው ለጉልበት ሕመምተኛ መካከለኛ ነው።

ራቅ ያሉት

ኮ ኬር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ከ928 እስከ 944 ድረስ የክመሮች መናገሻ ነበር፤ መናገሻውን ወደዚያ ያዞረው ንጉሥ ጃያቫርማን አራተኛ ነው። በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሰው የሚሄደው ለፒራሚዱ ነው፤ ሰባት እርከን፣ 36 ሜትር ቁመት፣ ከላይ ሲታይ ዙሪያው ደን። ለሥር የመጣ ሰው ግን ፕራሳት ፕራም እንዳያመልጠው። የሸክላ ግንቦች ናቸው፤ ሥሩ ጡቡን እንደ መረብ ይዞታል።

እዚያ ያሳዘነኝ ባዶ መቆሚያዎቹ ናቸው። ሐውልቶቹ በጦርነቱ ዘመን ከቁርጭምጭሚታቸው ተቆርጠው ተሰርቀው ወደ ውጭ ተሸጡ። አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ኒው ዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2013 ሁለት ተንበርካኪ ሐውልቶችን መልሷል። የአክሱምን ሐውልት መመለስ የጠበቀ ሕዝብ ልጅ ያን ባዶ መቆሚያ ሲያይ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የተመለሱትን ማየት ከፈለጋችሁ ፕኖም ፔን ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ጎብኙ። ቤንግ መሊያና ኮ ኬር በአንድ ቀን በመኪና ይያያዛሉ፤ ቀኑ ግን ረጅም ነው።

ሳምቦር ፕሬይ ኩክ ከሲየም ሪፕ ወደ ፕኖም ፔን በየብስ ለምትሄዱ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ካምፖንግ ቶም ከተማ አቅራቢያ ነው። ከአንግኮር በብዙ ይቀድማል፤ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ከተማ ነው፣ በ2017 የዓለም ቅርስ ተብሏል። ግንቦቹ የሸክላ ናቸው፤ ስምንት ማዕዘን ያላቸውም አሉ። አንዷን ግንብ ዛፉ ከእግር እስከ ራሷ ለብሷት፣ በሩ ብቻ ነው የሚታየው። ሜዳ ነው፣ ጥላ ነው፣ ለጉልበት ይመቻል። ግዙፍ ነገር የጠበቀ ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል።

ባንቴይ ቸማርን አሁን አልመክርም። የጃያቫርማን ሰባተኛ ሥራ ነው፤ ብዙ እጅ ያላቸው የሎኬሽቫራ (በቡድሂዝም የርኅራኄ ምልክት) ቅርጾቹ ድንቅ ናቸው። ነገር ግን ከታይላንድ ድንበር ቅርብ ነው። በ2025 ሁለቱ አገሮች በድንበሩ ላይ ተዋግተዋል፣ የየብስ መተላለፊያዎችም ተዘግተዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ገብታችሁ በአውቶቡስ ወደ ሲየም ሪፕ ለመሻገር ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታጣሩ ቲኬት አትቁረጡ። ባንኮክ ላይ አውሮፕላን መቀየር ይሻላል። ከኢትዮጵያ የምትነሡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ።

ቲኬት፣ ወቅትና ልብስ

የአንግኮር ቲኬት ለአንድ ቀን 37 ዶላር፣ ለሦስት ቀን 62፣ ለሰባት ቀን 72 ነው። የሦስት ቀኑን በአሥር ቀን ውስጥ እያረፋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ከእያንዳንዱ ቲኬት 2 ዶላር ለካንታ ቦፋ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይሄዳል። ታ ፕሮም፣ ፕሬያ ካን፣ ታ ሶምና ከ2020 ወዲህ ቤንግ መሊያም በዚሁ ይገባሉ። ኮ ኬርና ሳምቦር የየራሳቸው ቲኬት አላቸው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም፤ ፓስፖርቱን ግን ያዙለት። ቲኬቱ ላይ ፎቶአችሁ ስላለ ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

አየሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ደህና ነው። ሚያዝያ እሳት ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ሁሉም ደረቁን ወቅት ይመክራል፤ እኔ ግን ለእነዚህ ቦታዎች ዝናቡን እመርጣለሁ። ሽበቱ ያኔ ነው አረንጓዴ የሚሆነው፣ ሰውም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ ይበቃችኋል። ቤንግ መሊያን ግን ዝናብ ባደረበት ማግስት በጥንቃቄ ሂዱ፤ የእንጨቱ መሄጃ ራሱ ያንሸራትታል።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። እኅቴ ነጠላዋን ይዛ ነበር። ለፀሐይም ሆነ፣ ለትከሻም ሆነ፣ ለላብም ሆነ። ሦስት ሻጮች ከየት እንደገዛችው ጠይቀዋታል። ትንኝ መከላከያ ቅባትም አትርሱ።

ሁለት ሆናችሁ ካልተስማማችሁ እኛ ያደረግነውን አድርጉ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ተለያየን። እሷ ወደ ታ ፕሮም ተመለሰች፤ በጥላው ተቀምጣ አንድን ሥር ብቻ ስታይ አረፈደች። እኔ ፕሬያ ካንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ሹፌሩ አንድ፣ ቲኬቱ ያው፣ ለምሳ ስንገናኝ ሁለታችንም የምንናገረው ነበረን።